ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ላይ ቦምብ ለምን? የስሪ ላንካው የፋሲካ ጥቃት

ናቲ ቱሉ ዲምቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን እዚህ ስለ ሃይማኖት ግጭት የሚጻፈው በዝቷል፣ አብዛኛው ደግሞ "እነሱ ድሮም እንዲህ ናቸው" ብሎ ነው የሚያልቀው። እንዲህ ከምንባባል አንድ የታወቀ ጉዳይ ይዘን እስከ ሥሩ እንውረድ ብዬ ነው። የስሪ ላንካውን የፋሲካ ጥቃት። የነሱ ፋሲካ የዋለው በኛ ሆሳዕና ዕለት ነበር፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2011 ዓ.ም። እኛ ዘንባባ በግንባራችን አስረን ከቅዳሴ ስንወጣ እዚያ ሦስት አብያተ ክርስቲያናትና ሦስት ትልልቅ ሆቴሎች በአጥፍቶ ጠፊዎች ተመትተው ነበር። የሞተው ሰው ከ260 በላይ ነው።

እኔን የማይገባኝ ይሄ ነው። አገሪቱ 26 ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት ያየች ናት። ግን ጦርነቱ የቡድሃ እምነት ተከታይ የሆነው ሲንሃላ በሚበዛበት መንግሥትና በታሚል ታጣቂዎች መካከል ነበር። ታሚሎቹ ደግሞ አብዛኞቹ ሂንዱ ናቸው። ሙስሊሙ ከሕዝቡ 10 በመቶ ገደማ ነው፣ ክርስቲያኑ ከዚያም ያንሳል። ሁለቱም ትንንሽ ማኅበረሰቦች ናቸው፣ በመካከላቸው ይሄ ነው የሚባል ጠብ አልነበረም። ታዲያ ጦርነቱ ካለቀ 10 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ ከሙስሊሙ መካከል የወጡ ሰዎች ለምን ክርስቲያኑን ገደሉ? መልስ ያለው በደንብ ይጻፍልኝ።

ብሩክ ሰበታ፦
ምኑ ነው የማይገባው? ሰዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል እኮ። ለአይሲስ መሪ ቃል ሲገቡ በቪዲዮ ታይተዋል። አይሲስም በሁለተኛው ቀን የኔ ሰዎች ናቸው ብሏል። ምክንያቱ ሃይማኖት ነው፣ አለቀ። ሁልጊዜ ድህነት ነው፣ ብሶት ነው እየተባለ ነገሩ ይድበሰበሳል። ድህነት ደግሞ እንዳትሉኝ። ሁለቱ አጥፍቶ ጠፊዎች የኮሎምቦ ሀብታም የቅመም ነጋዴ ልጆች ናቸው፣ ወንድማማቾች። ሌላኛው አጥፍቶ ጠፊ ደግሞ እንግሊዝና አውስትራሊያ የተማረ ሰው ነው። ምን የጎደለው ሰው ነው ይሄ?

ሰዓዳ ኮዬ ፈጬ፦
ብሩክ ወንድሜ፣ ስለ ድህነቱ ያልከው እውነት ነው። "ሃይማኖት ነው፣ አለቀ" ስትል ግን እኔንም ከነሱ ጋር ደመርከኝ። መደመር አልፈልግም።

የቡድኑ መሪ ዛህራን ሃሺም ካታንኩዲ የሚባል ከተማ ልጅ ነው፣ በምሥራቁ ባሕር ዳርቻ። ነዋሪው ሙስሊም ነው ማለት ይቻላል። ይሄ ሰው በመጀመሪያ ጦር የመዘዘው በማን ላይ መሰለህ? በሙስሊም ላይ። በ2017 እ.አ.አ እዚያው ከተማው ውስጥ ከሱፊዎች ጋር በሰይፍ ተጋጭተው ሰው ቆስሏል፣ ከዚያ በኋላ ነው ተሰውሮ የጠፋው። የከተማው ሙስሊሞች ሰልፍ ወጥተውበታል፣ ለፖሊስም አመልክተዋል። የሙስሊም ምክር ቤቱ ሰዎች ጥቃቱ ከመድረሱ ሦስት ዓመት ቀደም ብለው ለደህንነት መሥሪያ ቤቱ እንዳስጠነቀቁ በይፋ ተናግረዋል። ከጥቃቱ በኋላ ደግሞ የአገሪቱ ዑለማዎች የገዳዮቹን አስከሬን አንቀበልም አሉ። ለሙስሊም ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ጀናዛ መከልከል ማለት ምን እንደሆነ ጎረቤትህን ጠይቅ።

ስለዚህ ሃይማኖቱ ነው ካልክ፣ ያንኑ ሃይማኖት ይዘው "ይሄ ሰው አደገኛ ነው" ብለው የጮኹትን የት ታስቀምጣቸዋለህ?

አብዱ ቃሊቲ፦
ሰዓዳ አላህ ይስጥሽ። የጮኸውን ማን ሰማው፣ ጉዳዩ እሱ ነው።

ጡረተኛው መምህር፣ ለገጣፎ፦
ልጆች፣ ክርክራችሁ ደስ ብሎኛል። ታሪክ አስተምር ስለነበር ትንሽ ልጨምርበት፣ ረዘም ቢል ታገሡኝ።

ናቲ "ሙስሊሙ በጦርነቱ አልነበረም" በሚል መንፈስ ነው የጻፈው። መሣሪያ ይዞ ዋና ተዋጊ አልነበረም፣ ልክ ነው። ዱላው ግን በደንብ ደርሶበታል። ነሐሴ 1990 እ.አ.አ ላይ የታሚል ታይገርስ ታጣቂዎች እዚያው ካታንኩዲ ሁለት መስጊድ ገብተው የማታ ሰላት ላይ የነበሩ ከ100 በላይ ሰዎችን ረሸኑ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በሰሜን ያለውን ሙስሊም በሙሉ ከመሬቱ ነቀሉት፣ ወደ 70 ሺህ ሰው ገደማ። ጃፍና ከተማ ውስጥ የተሰጣቸው ጊዜ ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር። ያንን ሕዝብ በወጉ ወደ ቀዬው የመለሰው የለም፣ ብዙው ለዓመታት በመጠለያ ቀረ። ዛህራን ያኔ ሕፃን ነበር፣ ያደገውም ይሄንን ታሪክ በምትተርክ ከተማ ውስጥ ነው። እዚያው ከተማ ያንኑ ታሪክ እየሰሙ አድገው ነጋዴና መምህር የሆኑት እጅግ ይበዛሉ። ይሄን የማነሳው ወንጀሉን ለማቅለል አይደለም፣ የወንጀሉን አፈር ለማሳየት ነው።

ከዚያ ግንቦት 2009 እ.አ.አ ጦርነቱ በመንግሥት ድል አለቀ። በእርቅ አይደለም፣ በድል። የታይገርሱ መሪ ተገደለ፣ ኮሎምቦ በጭፈራ ተሞላች። እኔ እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር ያለው የምለው። 26 ዓመት ሙሉ "ጠላት አለብህ" እየተባለ የኖረ ሕዝብ አለ። በዚህ ቋንቋ ሥልጣን የያዘ ፖለቲከኛ አለ። ጠላቱ በአንድ ቀን ጠፋ። ቋንቋው ግን አልጠፋም፣ አዲስ ሰው ፈለገ። በ2012 እ.አ.አ ቦዱ ባላ ሴና የሚባል የቡድሃ መነኮሳት ቡድን ተቋቋመና ፊቱን ወደ ሙስሊሙ አዞረ። መጀመሪያ "የሐላል ምልክት ከዕቃ ላይ ይነሳ" አሉ። በ2014 እ.አ.አ አሉትጋማ ላይ ሰው ተገደለ፣ ቤትና ሱቅ ተቃጠለ። በ2018 እ.አ.አ የካቲት አምፓራ ከተማ አንድ የሙስሊም ምግብ ቤት "ወጡ ውስጥ መካን የሚያደርግ ኪኒን ጨምሯል" ተብሎ ተወረረ። ኪኒን ተብሎ የተያዘው ነገር በምርመራ የዱቄት ጓል ሆኖ ተገኘ። በሳምንቱ ካንዲ አካባቢ ነደደ። መንግሥት አስቸኳይ ጊዜ አውጆ ፌስቡክን እስከመዝጋት ደረሰ።

ዛህራን በዩቲዩብና በፌስቡክ በታሚልኛ ሲሰብክ የነበረው በዚህ ሁሉ መካከል ነው። "እዩ፣ አገሩ አይፈልጋችሁም" ለማለት ማስረጃ መፈልሰፍ አላስፈለገውም።

ሳራ አያት፦
የዱቄቱን ታሪክ አላውቅም ነበር። በጣም ያስፈራል።

ብሩክ ሰበታ፦
መምህር፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን ጥያቄውን አልመለሱትም። ሙስሊሙን የደበደቡት የቡድሃ ጽንፈኞች ከሆኑ፣ ቂሙ በነሱ ላይ መሆን ነበረበት። የቡድሃ ቤተ መቅደስ አልመቱም። ፋሲካ ሊያከብሩ የመጡ ምእመናንን ነው የመቱት፣ ሕፃናትን። ይሄ ብሶት አይደለም። መጀመሪያ ሌላው ሰው የሚገደል ከሓዲ ነው ብሎ ያመነ ሰው ብቻ ነው ይሄን የሚያደርገው።

ጡረተኛው መምህር፣ ለገጣፎ፦
ብሩክ፣ ይሄ የዚህ ውይይት ምርጥ ጥያቄ ነው፣ ግማሹንም ራስህ መልሰኸዋል። የቡድሃ ሐውልት እንኳ ነክተዋል፣ ታህሳስ 2018 እ.አ.አ ላይ ማዋኔላ በሚባል አካባቢ ሐውልቶች ሰባብረዋል፣ የዛህራን ተከታዮች ናቸው የተጠረጠሩት። ለትልቁ ጥቃት ግን ቤተ ክርስቲያንና የውጭ ሰው የሚያርፍበት ሆቴል መረጡ። ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ራሳቸውን የሚያዩት እንደ ካታንኩዲ ልጆች አልነበረም። አይሲስ የሚነግራቸው ዓለም አቀፍ ጦርነት አለ፣ በዚያ ጦርነት ውስጥ ጠላቱ "የመስቀል ጦረኛ" ነው። ቤተ መቅደስ ቢመቱ የአንድ ደሴት ዜና ሆኖ ይቀራል። ፋሲካ ቀን ቤተ ክርስቲያን ቢመቱ ዓለም ሁሉ ያወራል። ብሶቱ ሰው ይሰበስባል፣ ማንን ግደሉ የሚለውን የሚወስነው ግን ርዕዮቱ ነው። አንዱን ብቻ ይዘን ሌላውን ከጣልን ሁልጊዜ እንሳሳታለን።

ናቲ ቱሉ ዲምቱ፦
ጋሼ፣ የኒውዚላንዱ በቀል ነው የተባለውስ? መስጊድ ውስጥ 51 ሰው የገደለው ነጭ አክራሪ ነበር፣ ከፋሲካው አንድ ወር ቀደም ብሎ። የስሪ ላንካ የመከላከያ ሚኒስትር ዴኤታ ራሱ ፓርላማ ላይ የዚያ በቀል ነው ብሎ ነበር።

ጡረተኛው መምህር፣ ለገጣፎ፦
ብሏል። ቀኖቹን ግን ደርድራቸው። የኒውዚላንዱ፣ የክራይስትቸርች ከተማው ጥቃት መጋቢት 15 ቀን 2019 እ.አ.አ ነው። የስሪ ላንካ ፖሊስ ዋናታዊሉዋ በሚባል የኮኮናት እርሻ ውስጥ ወደ 100 ኪሎ የሚጠጋ ፈንጂ የያዘው ግን ጥር 2019 ላይ ነው፣ ሁለት ወር ቀድሞ። ዝግጅቱ ያኔም ነበር ማለት ነው። ከጥቃቱ ስምንት ቀን በኋላ ደግሞ የአይሲስ መሪ አል ባግዳዲ በቪዲዮ ወጥቶ "ለባጉዝ በቀል ነው" አለ። ባጉዝ ሶርያ ውስጥ የመጨረሻ ይዞታቸው ነበር፣ የወደቀው በዚያው መጋቢት መጨረሻ። ክራይስትቸርችን አልጠቀሰም። አንድ ጥቃት፣ ሁለት በቀል፣ ሁለቱም ፈንጂው ከተዘጋጀ በኋላ የመጡ ናቸው። ገዳይ ከገደለ በኋላ ለሚነግርህ ምክንያት ብዙ ቦታ አትስጠው። ለመግደል ሲወስን ማን አጠገቡ ነበር፣ ምን እየሰማ ነበር፣ ማን አይቶ ዝም አለው ብለህ ጠይቅ።

አብዱ ቃሊቲ፦
ማን አይቶ ዝም አለው ለሚለው እኔ ልመልስ። የሕንድ ደህንነት ሚያዝያ 4 እ.አ.አ ላይ አስጠንቅቋል፣ ከጥቃቱ 17 ቀን በፊት። የዛህራን ስም ተጠቅሷል፣ ቤተ ክርስቲያን ሊመታ ይችላል ተብሏል። ማስጠንቀቂያው ጥቃቱ እስከደረሰበት ቀን ድረስ ደጋግሞ መጥቷል። ታዲያ ለምን አልቆመም? ፕሬዚዳንቱና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተኳርፈው ነበራ! ከጥቅምት 2018 እ.አ.አ ጀምሮ አንዱ ሌላውን ከሥልጣን ሊያወርድ ሲሞክር፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጸጥታ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ እንኳን አይጠራም ነበር። እንግዲህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በ2023 እ.አ.አ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ሲሪሴናን 100 ሚሊዮን ሩፒ ካሣ ከኪስህ ክፈል ብሎታል፣ የፖሊስና የደህንነት አለቆቹንም እንዲሁ። የሞተውን ባይመልስም እኔ በዚህ ፍርድ ተጽናንቻለሁ። አለቃ ሲያንቀላፋ ሰው ካለቀ አለቃ ይጠየቅ።

ዘኒ ገላን፦
እኔ ፖለቲካውን አላውቅም። ቤይሩት ስሠራ ግን የነጎምቦ ልጅ ጓደኛ ነበረችኝ፣ ካቶሊክ ናት፣ እሁድ እሁድ አብረን ነበር ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው፣ እኛም እነሱም ፊሊፒኖቹም። ነጎምቦ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው፣ ካቶሊኩ ይበዛል። በዚያን ዕለት ከአብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ ሰው የሞተው እዚያ ነው፣ ቅዱስ ሰባስቲያን፣ ከመቶ በላይ። እሷ ከመንደሯ የምታውቃቸውን ሰዎች ነው በስልክ እየቆጠረች ያለቀሰችው።

ካሜራ የያዘውን ቪዲዮ አይታችሁት ይሆናል። ሰውዬው ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ ግቢውን ሲያቋርጥ አንዲት ትንሽ ልጅ ከአያቷ ጋር ከፊቱ ታልፋለች። ሊጋጫት ሲል ቆም ብሎ ጭንቅላቷን ዳበስ ያደርጋታል። ከዚያ ገባ። እኔ ያንን ካየሁ በኋላ "አውሬ ነው" ማለት አቃተኝ። አውሬ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ልጅ መንካት የሚያውቅ ሰው ነው ልጆች የተሞላ ቤት ውስጥ ያንን ያደረገው። ሰውን እዚያ የሚያደርሰው ምን ዓይነት ትምህርት እንደሆነ ነው ማወቅ የምፈልገው።

ባቲካሎዋ ያለው የጽዮን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሌላ ነው። በር ላይ አንድ የልጆች አባት እንግዳውን አስቆመው። "ቦርሳው ውስጥ ምንድን ነው?" አለው። "የቪዲዮ ካሜራ ነው" አለው። "እንግዲያው መጀመሪያ ፈቃድ አምጣ" ብሎ ወደ ውጭ ገፋው። እዚያው ግቢ ውስጥ ፈነዳ። አባትየውም ሞተ፣ ሕፃናትም ሞቱ፣ ውስጥ የነበረው ብዙ ሰው ግን ተረፈ። የዚያን ሰው ነገር ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ።

ሳራ አያት፦
ዘኒ እህቴ፣ ያንን ቪዲዮ እኔም አይቼዋለሁ፣ ከሐሳቤ አይጠፋም።

ሰዓዳ ኮዬ ፈጬ፦
ዘኒ፣ እግዜር ያጽናሽ፣ ጓደኛሽንም።

ከጥቃቱ በኋላ የሆነውንም አንርሳ እንጂ። በግንቦት ሰሜን ምዕራብ ክፍለ ሀገር ላይ ቡድን እየሆኑ መስጊድና ሱቅ ሲያቃጥሉ ሰነበቱ፣ ሰው ተገደለ። ከዛህራን ጋር ምንም ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው፣ ምናልባትም ለፖሊስ የጠቆሙት ራሳቸው። ኮቪድ ሲመጣ ደግሞ በኮቪድ የሞተ ሁሉ፣ ሙስሊሙም ሳይቀር፣ እንዳይቀበር፣ እንዲቃጠል ተብሎ ታዘዘ። የዓለም ጤና ድርጅት መቅበር ይቻላል እያለ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የሰው ልጅ አስከሬን ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ ተቃጠለ። ዛህራን ሲሰብክ "አገሩ አይፈልጋችሁም" ይል ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ መንግሥት ስብከቱን ጨረሰለት።

በፖለቲካውም ያተረፈበት አለ። የጦርነቱ ዘመን የመከላከያ ሹም ጎታባያ ራጃፓክሳ ጥቃቱ በደረሰ በቀናት ውስጥ እወዳደራለሁ አለ፣ "ጸጥታ አመጣላችኋለሁ" ብሎ ኅዳር 2019 እ.አ.አ ላይ አሸነፈ።

ብሩክ ሰበታ፦
ሰዓዳ፣ የቀብሩን ነገር አሁን ነው የሰማሁት። ግፍ ነው። ስለ ርዕዮቱ ግን አቋሜ ያው ነው። እኛ አገርም ሰባኪው ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ አለብን፣ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም በአዳራሽም። "አንተ የኔ ወገን ስላልሆንክ ደምህ ሐላል ነው" የሚል ማንም ይሁን ማን እዚያው መቆም አለበት።

ሰዓዳ ኮዬ ፈጬ፦
በዚህ አንድ ነን።

ናቲ ቱሉ ዲምቱ፦
ወደኛ ካመጣችሁት ልቀጥል። የኛ አገር ታሪክ የስሪ ላንካ አይደለም፣ እንዲያው ማመሳሰልም አልወድም። ግን መምህር ያሉት የቋንቋ ነገር አሳስቦኛል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም ጀምሮ ቆጥሩ። የሰሜኑ ተኩስ ቆመ፣ በሌላ በኩል ተጀመረ። ጦርነቱ ሳያልቅ በፊትም በ2014 ዓ.ም ሚያዝያ ጎንደር ላይ አንድ ሼህ ሲቀበሩ በተነሳ ጸብ ከ20 በላይ ሰው ሞተ፣ በቀናት ውስጥ ስልጤ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ጎንደር የተበደለው ሰው ወራቤ ያለው ክርስቲያን ምን አደረገው? ምንም። የነጎምቦ ዓሣ አጥማጅም ለካታንኩዲ ሰው ምንም አላደረገም።

ሌላም አለ። በ2007 ዓ.ም ሚያዝያ ሊቢያ ውስጥ ልጆቻችንን አይሲስ ሲያርድ ጨርቆስ ለቅሶ ደርሻለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ነበር የተቀመጠው። ያኔ አንድም ሰው ጎረቤቱን አልነካም። ሀዘኑ ያነሰ ሆኖ አይደለም። ዛሬ ያ ቢደርስ እንደዚያ እንሆናለን ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ እርግጠኛ መሆን ያቅተኛል።

ሳራ አያት፦
እኔ ስለዚህ የማውቀው ነገር አለ። ባለፈው ክረምት በኛ ሳይት ማታ ትራንስፎርመር ፈነዳ። መብራት ጠፋ፣ በዚያ በኩል ሰማዩ ቀላ። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ የብሎካችን ቴሌግራም ላይ አንዱ "ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠሉት" ብሎ ጻፈ። ማን? የት? የለም። ብቻ "አቃጠሉት"። ሰው በፒጃማ፣ በነጠላ ጫማ፣ ዱላ ይዞ ደረጃውን መውረድ ጀመረ፣ የስልክ ባትሪ እያበራ። ከታች ሱቅ ያላቸው ሐጂ ነበሩ፣ ሁላችንም ዱቤ የምንወስድባቸው። ሱቃቸውን ዘግተው ከበሩ ፊት ቆመው ነበር፣ ፊታቸው ዐመድ መስሎ። የአራተኛ ፎቁ ዲያቆን ነው ነገሩን ያበረደው። "ሐጂ፣ ይምጡ አብረን እንይ" ብሎ እጃቸውን ያዘና ሁለቱ ቀድመው ሄዱ፣ ሰውም ተከተላቸው። ደርሰው ሲያዩ የተቃጠለው ትራንስፎርመር ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃው ተኝቶ ሰላም ነው።

መልእክቱን የጻፈው ሰው እስከዛሬ ከግሩፑ አልወጣም። ማንም የጠየቀውም የለም። የአምፓራው ዱቄት ታሪክ ያስፈራኝ ለዚህ ነው።

አብዱ ቃሊቲ፦
ጠይቁት እንጂ! ዲያቆኑ ባይኖርስ ኖሮ?

ጡረተኛው መምህር፣ ለገጣፎ፦
ሳራ፣ ይሄንን ነው ስሰማ የምኖረው። የከተማው ዳር ላይ ያለነው ሰዎች ከየቦታው ተፈናቅለን፣ ዕጣ ደርሶን፣ መሬት ገዝተን የተሰባሰብን ነን። አብሮ ያደገ የለም፣ የሰፈር ሽማግሌ ገና አልበሰለም። መርካቶ ወይም ጨርቆስ ቢሆን ሐጂውን ሕፃን ሆኖ ከረሜላ የገዛባቸው ጎረምሳ ፊታቸው ይቆም ነበር። በአዲስ ሰፈር ያንን እስክታገኝ ዓመታት ይፈጃል፣ ወሬ ደግሞ አምስት ደቂቃ። ስለዚህ ሽማግሌውን አስቀድሞ መሰየም ያስፈልጋል። ስም ያለው፣ ስልኩ የሚታወቅ፣ ከሁሉም እምነት። አደጋ ሲመጣ መፈለግ አይቻልም።

ሰዓዳ ኮዬ ፈጬ፦
በኛ ሳይት ከእድሩ ጋር ሆነን ይሄን ለመጀመር እየሞከርን ነው። የግሩፑ አድሚኖች አንድ ደንብ አወጡ፦ "ተቃጠለ፣ ተገደለ" የሚል መልእክት ቦታው ላይ የቆመ ሰው ስሙንና ብሎኩን ጠቅሶ ካልጻፈው ይነሳል። የሚቆጣ አለ፣ "እውነት ልታፍኑ ነው" የሚል። ግን ቀጥለናል።

ብሩክ ሰበታ፦
እውነት ከሆነስ? የደረሰ ጥቃት ተደብቆ ቢቀር ደግሞ ያኛውም ያጠፋል። ስሪ ላንካ ያጠፋት ማስጠንቀቂያ መደበቅ ነው።

ሰዓዳ ኮዬ ፈጬ፦
ለዚህ ነው ስምና ቦታ የሚጠየቀው። የተደበቀው የሕንዱ ማስጠንቀቂያ ስም ነበረው፣ ዒላማ ነበረው፣ ሄዶ የሚጣራ ነበር። የአምፓራው ወሬ ምንም አልነበረውም። የመጀመሪያውን ለፖሊስ፣ ለሽማግሌ፣ ለሁሉም አድርስ፣ ካልሰሙህ ጩህ። ሁለተኛውን አታስተላልፍ።

ብሩክ ሰበታ፦
ይሄ ይስማማኛል። ደንቡን በጽሑፍ ካላችሁ እዚህ ለጥፉልን፣ ሰበታ ለኛ ሰፈር ግሩፕ አድሚን እልከዋለሁ።

ሰዓዳ ኮዬ ፈጬ፦
ማታ እለጥፈዋለሁ። ሳራ፣ አንቺም ለብሎካችሁ ውሰጂው። መጀመሪያ ግን ያንን ሰውዬ አነጋግሩት፣ ዲያቆኑና ሐጂው አብረው ቢሄዱ ጥሩ ነው።

ሳራ አያት፦
ሐጂን ዛሬ ዳቦ ስገዛ አነጋግራቸዋለሁ።